ኢኖኪ መሐመድ አሊን አሸንፎት ነበር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጃፓናዊው ሬስለርና ፕሮሞተር (የሬስሊንግ ዝግጅት አዘጋጅ) አንቶኒዮ ኢኖኪ አንዲት አንቀጽ ጽፈን ነበር። ከአዳማና ከሐዋሳ የመጣው ጥያቄ ግን ዓምዱን ሞልቶ ተረፈ። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እነሆ። ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ ጁስ ቤት የምንገናኝ ጓደኛሞች ነን። ግማሻችን «አሊ አሸንፎታል» እንላለን፤ ግማሻችን ደግሞ «አሊን ሆስፒታል ያስገባው ኢኖኪ ነው» እንላለን። የሳምንት ጁስ ተወራርደናልና ፍረዱን። (አዳማ)

መልስ፦ ሁላችሁም የየራሳችሁን ክፈሉ፤ ውጤቱ አቻ ነው። ግጥሚያው የተደረገው ሰኔ 26 ቀን 1976 ቶኪዮ ውስጥ በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ሲሆን 15ቱም ዙር ተጠናቋል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ለአሊ፣ አንዱ ለኢኖኪ ሰጡ። ሪንግ ውስጥ ሆኖ ያጫወተው አሜሪካዊው ጂን ለቤል ደግሞ እኩል አደረጋቸው። ኢኖኪ በጥፋት ነጥብ ባይቀነስበት ኖሮ ያሸንፍ ነበር፤ «ኢኖኪ» ያላችሁት ወገኖች በዚህ ትንሽ መጽናናት ትችላላችሁ።

ሆስፒታሉም እውነት ነው። ኢኖኪ ደወሉ እንደተደወለ ሮጦ ወለል ላይ ተንሸራተተ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተንጋሎ የአሊን እግር ሲረግጥ ዋለ። አሊ በ15 ዙር የሰነዘረው ቡጢ 6 ብቻ እንደነበር ነው የሚነገረው፤ የኢኖኪ ርግጫ ግን ከ100 በላይ ነበር። አብዛኛው ርግጫ ያረፈው ከግራ ጉልበት በላይና በታች ነው። እግሩ አበጠ፣ ቆሰለ፣ ደም ረጋበት፤ አሊም ሕክምና ገባ። በዚያው ዓመት መስከረም 28 ደግሞ ከኬን ኖርተን ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠመ።

ሰውየው ለምን ተኛ ለሚለው መልሱ ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። ከግጥሚያው በፊት በተደረገው ድርድር ኢኖኪ የሚያውቀው ነገር አንድ በአንድ ተነሣበት፤ አንሥቶ መጣል ተከለከለ፣ ቆሞ መርገጥም ተከለከለ። ቆሞ ቢጠጋ የሚጠብቀው የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ቡጢ ነው። ወለል ላይ ከሆነ ግን ቦክሰኛው ጎንበስ ብሎ ካልገባ አይደርስበትም፤ ጎንበስ ካለ ደግሞ ይያዛል። ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ ትክክል ነበሩ። ሁለት ትክክለኛ ሒሳብ ሲገጥም ደግሞ ምንም የማይታይበት አንድ ሰዓት ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ተመልካቹ ይህን ሕግ በቅጡ አለማወቁ ነው። «ለምን ተኛ?» እያለ ተናደደ፤ ገንዘባችን ይመለስ ብሎ ጮኸ፤ ሪንጉ ላይ ቆሻሻ ወረወረ። ለአሊ ቃል የተገባው 6 ሚሊዮን ዶላር ነበርና የኢኖኪ ኩባንያ ትልቅ ዕዳ ውስጥ ገባ። ኤምኤምኤ (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የተቀላቀሉበት ፍልሚያ) የለመደ የዛሬ ተመልካች ያን ርግጫ ሲያይ «የታችኛው እግር ጥቃት» ብሎ ያደንቃል። በ1976 ግን የሚያደንቅለት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጃፓናዊ ከሆነ «አንቶኒዮ» የሚለው ስም ከየት መጣ? (ሐዋሳ፣ አቶቴ)

መልስ፦ ከመድረክ። የተወለደው የካቲት 20 ቀን 1943 ዮኮሃማ ውስጥ ሲሆን ስሙ ካንጂ ኢኖኪ ነበር፤ ከ11 ልጆች አንዱ ነው። አባቱ የሞቱት ገና በልጅነቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኑሮ ስለከበደ ቤተሰቡ በ1957 በመርከብ ወደ ብራዚል ተሰደደ፤ አያቱም መንገድ ላይ አረፉ። ካንጂ 14 ዓመቱ ነበር፤ የቡና እርሻ ላይ ተቀጠረ። የሲዳማ ሰው ቡና ለቀማ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ እሱን ማብራራት አያስፈልገንም።

በትርፍ ጊዜው አሎሎና ዲስከስ ይወረውር ነበር። በ1960 ሪኪዶዛን ለትርኢት ብራዚል ሲመጣ አገኘው። ሪኪዶዛን የጃፓን ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ አባት የሚባለው ሰው ነው፤ ከሱሞ ወጥቶ በ1950ዎቹ በቴሌቪዥን አሜሪካውያንን በእጁ ጠርዝ እየመታ ሲጥል የተሸነፈ አገር በሙሉ ቆሞ ያጨበጭብለት ነበር። ልጁን ይዞት ተመለሰ። መስከረም 30 ቀን 1960 ካንጂ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ፤ ተሸነፈ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መድረክ ሌላ ጀማሪም ነበር፦ ቤዝቦል ሲወረውር የነበረው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ9 ሴንቲ የሆነው ሾሄይ ባባ፣ በኋላ ጃያንት ባባ የተባለው። ሁለቱ ሰዎች የጃፓንን ሬስሊንግ ለሁለት ተካፍለው 30 ዓመት ገደማ ይዘውታል።

ሪኪዶዛን ታኅሣሥ 1963 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ በጩቤ ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ፤ 39 ዓመቱ ነበር። ኢኖኪም ልምድ ለመቅሰም ወደ አሜሪካ ሄደ።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጃለሁ። ትልልቅ ስሞችን ሁሉ ሌላ አዘጋጅ ስለያዘብኝ እየተቸገርሁ ነው። ኢኖኪ ያለ ቴሌቪዥንና ያለ ታዋቂ ሰው ተነሣ ብላችሁ ጽፋችኋል። እንዴት?

መልስ፦ በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች በጣም የወደድነው የእርስዎን ነው፤ የሰውየው ሥራ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና።

በ1971 መጨረሻ ኢኖኪ ይሠራበት ከነበረው ማኅበር አመራሩን ሊገለብጥ አሲሯል ተብሎ ተባረረ። ጥር 1972 ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግን መሠረተ፤ የመጀመሪያውን ዝግጅት መጋቢት 6 ቀን ቶኪዮ ውስጥ በኦታ አዳራሽ አደረገ። ቴሌቪዥን አልነበረውም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ባባም የራሱን ኦል ጃፓን ከፈተ፤ ከኋላው ግን ኒፖን ቴሌቪዥን ነበር። ባባ ወዲያው የአሜሪካ አዘጋጆች ማኅበር የሆነው የኤንደብሊውኤ አባል ሆነ። ስም ያለው አሜሪካዊ ሬስለር ቶኪዮ ሲመጣ በባባ በር ብቻ መግባት ጀመረ። ኢኖኪ አባል ለመሆን እስከ 1975 ጠብቋል። የእርስዎ ችግር ማለት ይህ ነው።

መጀመሪያ ያደረገው ስም ሳይሆን ዕውቀት መግዛት ነው። ካርል ጎች የሚባል፣ በአሜሪካ አዘጋጆች ዘንድ ብዙም ያልተፈለገ፣ በእውነተኛ የመያዝ ጥበብ ግን የተካነ ሰው ነበር። ኢኖኪ አመጣውና ወጣቶቹን አስያዘው። በመክፈቻው ምሽትም ከእሱ ጋር ተጋጥሞ ራሱ ተሸነፈ። የድርጅቱ ባለቤት በገዛ ምርቃቱ ተሸነፈ ማለት ነው! ተመልካቹ ግን «እዚህ ቤት ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም» ብሎ ወጣ። ይህን ዘዴ ደጋግሞታል፤ በ1983 ትልቅ ውድድር ፍጻሜ ላይ በአሜሪካዊው ሬስለር በሀልክ ሆጋን፣ በ1989 ቶኪዮ ዶም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሬስሊንግ ሲከፈት ደግሞ በሶቪየቱ ጁዶካ (የጁዶ ተጋጣሚ) ሾታ ቾቺሽቪሊ ተሸንፏል።

ሁለተኛው እርምጃ ጃፓናዊን ከጃፓናዊ ማጋጠም ነው። ሪኪዶዛን የተወው ልማድ ጃፓናዊው ጥሩ፣ ፈረንጁ ክፉ የሚሆንበት ነበር። ኢኖኪ በመጋቢት 1974 የሌላ ድርጅት ኮከብ የነበረውን ስትሮንግ ኮባያሺን ገጠመ፤ አዳራሹ ሞላ። ከውጭ የሚከፈል የአውሮፕላን ቲኬትም አልነበረበትም።

ሦስተኛው ወሬ ነው። በኅዳር 1973 ኢኖኪ ከባለቤቱ ጋር ሺንጁኩ ውስጥ ካለ ትልቅ መደብር ሲወጣ ታይገር ጂት ሲንግ የተባለው ሬስለር ሰው በተሰበሰበበት ደበደበው፤ ፖሊስ ተጠራ፤ ጋዜጣ ጻፈው። ይህን ግን አዳማ ላይ እንዳይሞክሩት፤ ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዟልና ወሬው ሳይሆን ክሱ ነው የሚቀድመው።

አራተኛውና ዋናው የሸጠው ጥያቄ ነው። ባባ ኮከቦችን ሲሸጥ ኢኖኪ «ከሁሉም የሚበረታው ማነው?» የሚለውን ሸጠ። የካቲት 1976 በሙኒክ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ የወሰደውን የሆላንዱን ጁዶካ ዊለም ሩስካን ገጠመ፣ ሰኔ ላይ አሊን፣ ታኅሣሥ ላይ ፓኪስታን፣ ካራቺ ሄዶ የአገሩን ሬስለር አክራም ፓህልዋንን። አክራም ክንዱ ተጠምዝዞ ሳለ እጅ አልሰጥም በማለቱ ክንዱ ተጎዳ። ስታዲየሙ ዝም አለ ይባላል፤ እኛ ግን ኢኖኪ ከዚያ አገር በሰላም መውጣቱ ይገርመናል። በ1979 ላሆር ላይ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ዙቤር ጃራ አምስት ዙር ተቋቋመው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኩባንያውን ያዳነው ከኢኖኪ ጥበብ ይልቅ ሬስለሩ ሴይጂ ሳካጉቺ ነው ብንል አንሳሳትም። ሳካጉቺ በሚያዝያ 1973 ሲቀላቀል በኋላ ቲቪ አሳሂ የተባለው ጣቢያ አብሮት መጣ፤ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስርጭት ተጀመረ። እርስዎም አዳራሽ የሚሞላ ሐሳብ ካለዎት፣ ከሐሳቡ ቀጥሎ የሚፈልጉት በየሳምንቱ የሚያሳይዎትን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህን የመሰለ ድርጅት እንዴት ከእጁ ወጣ? (አዳማ፣ የንግድ ሥራ ተማሪ)

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ነው የወጣው። የመጀመሪያው በገንዘብ ነው። ኢኖኪ ብራዚል ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ገለባን ወደ መኖነት የሚቀይር ሥራ ጀምሮ ነበር። ሥራው ከሠረ በኋላ የኒው ጃፓን ገንዘብ ወደዚያ እየሄደ ነው የሚል ክስ ተነሣ፤ በ1983 ክረምት ከፕሬዚዳንትነት አወረዱት። ቲቪ አሳሂ ጣልቃ ገብቶ ወራት ሳይቆይ ተመለሰ። ግን ቂሙ አልተመለሰም። በ1984 አኪራ ማኤዳ ከነጓዶቹ ወጣ፣ ቆይቶ ሪኪ ቾሹ ሌላ ብዙ ሰው ይዞ ወጣ። ሰው የሚሄደው ደመወዝ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ቲኬት የሸጠው ላብ ሌላ ቦታ ሲፈስ ስላየም ነው።

ሁለተኛው በሐሳብ ነው፤ ይሄኛው ይበልጥ ያሳዝናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤምኤምኤ ጃፓንን ሲያጥለቀልቅ ኢኖኪ የ1976ቱን ጥያቄ እንደገና ለመሸጥ ፈለገ። ውጤቱ አስቀድሞ በተወሰነ ግጥሚያ የሚፋለሙትን ሬስለሮች ያለ በቂ ልምምድ ወደ እውነተኛ ፍልሚያ ላከ። ዩጂ ናጋታ በ2001 የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከኤምኤምኤ ተፋላሚው ሚርኮ ክሮ ኮፕ ጋር ተጋጥሞ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ በ2003 በዚያው ቀን ሌላው የኤምኤምኤ ተፋላሚ ፊዮዶር ኢሚሊያኔንኮ በደቂቃ ገደማ ጨረሰው። ናጋታ ጎበዝ ሬስለር ነው፤ የተሰጠው ሥራ ግን የእሱ አልነበረም። ተመልካቹ ጃንዋሪ ላይ ሻምፒዮን ብሎ የሚያጨበጭብለትን ሰው በዲሴምበር 31 እንዲህ ካየው ምን ይቀረዋል? ኬጂ ሙቶን የመሰሉ ኮከቦች ወደ ኦል ጃፓን ሄዱ። በ2005 ኢኖኪ ድርሻውን ለኮምፒውተር ጌም ሠሪው ዩክስ ሸጠ። በ2012 ኩባንያው ቡሺሮድ ወደተባለ ሌላ ድርጅት ተዛውሮ አገግሟል፤ ያገገመውም የኢኖኪን ጥያቄ ትቶ ነው።

ኢኖኪ ራሱ ከሪንግ የተሰናበተው ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1998 በቶኪዮ ዶም ነው። የመጨረሻ ተጋጣሚው ዶን ፍራይ ነበር፤ አሊም እዚያው ተገኝቷል። ኢኖኪ ያረፈው ጥቅምት 1 ቀን 2022 በ79 ዓመቱ፣ ጉበት የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ቅርጹ ተበላሽቶ ልብና ነርቭ ውስጥ በሚጠራቀምበት አሚሎይዶሲስ በሚባል በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ «ሁሉም ውሸት ነው» ይለኛል። እውነቱን ንገሩኝ። (ሐዋሳ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ክብደቱ ግን አይወሰንም፤ 110 ኪሎ ሰው ከትከሻ ከፍታ ሲወድቅ ወለሉ ስክሪፕት አያነብም። ኒው ጃፓን የሚታወቅበት ጠንካራው ስታይል ደግሞ ምቱ ጡንቻ ላይ በእውነት እንዲያርፍ የሚፈልግ ነው። ከአሊ ጋር የተደረገው ግጥሚያ ግን ውጤቱ ያልተወሰነ እንደነበር አብዛኛው ምስክር ይስማማል፤ ያን ያህል አሰልቺ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ኢኖኪ ሰልሟል፣ ከሳዳም እጅም ታጋቾች አስለቅቋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (አዳማ)

መልስ፦ በ1989 ስፖርትና ሰላም የሚል ፓርቲ መሥርቶ የጃፓን የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር። ነሐሴ 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ኢራቅ የነበሩ ጃፓናውያን ከሌሎች የውጭ ዜጎች ጋር እንዳይወጡ ተያዙ። የጃፓን መንግሥት ሲያመነታ ኢኖኪ በራሱ ሄደ። በዚያ ጉዞ ካርባላ ላይ እስልምናን ተቀብሎ መሐመድ ሑሴን ተባለ፤ በኋላ ግን ቡድሂስትም ነኝ ይል ነበር።

ታኅሣሥ 2 እና 3 ባግዳድ ላይ ሬስሊንግ፣ ሙዚቃና ኳስ ያለበት የሰላም ፌስቲቫል አዘጋጀ፤ የታጋቾቹን ቤተሰቦችም ይዞ ሄደ። ከፌስቲቫሉ በኋላ ጃፓናውያኑ ተለቀቁ። ሳዳም በዚያው ሳምንት ሌሎቹንም የውጭ ዜጎች እንደሚለቅ ማስታወቁ መረሳት የለበትም፤ ስለዚህ ምስጋናው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው ማለት ይከብዳል። ሚስቶችን ባሎቻቸው ፊት ያደረሰው ግን እሱ ነው። በነገራችን ላይ አሊም ከጥቂት ቀናት በፊት ባግዳድ ሄዶ 15 አሜሪካውያን ይዞ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ፒዮንግያንግ ላይ 190,000 ሰው ሬስሊንግ አየ የሚለው ክብረ ወሰን ይታመናል?

መልስ፦ አኀዙን የሰጡት አዘጋጆቹ ናቸው። ሚያዝያ 28 እና 29 ቀን 1995 በሜይ ዴይ ስታዲየም ተደርጎ፣ ኢኖኪ አሜሪካዊውን ሬስለር ሪክ ፍሌርን በገጠመበት ሁለተኛ ቀን 190,000 ሰው ገባ ተብሏል። ስታዲየሙ ራሱ ይይዛል የተባለው 150,000 ነበር። በቲኬት ሽያጭ የተቆጠረ አይደለም፤ ታዳሚው በመንግሥት የተጠራ ነው። «በሬስሊንግ ታሪክ ትልቁ ስብሰባ» ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም፤ ቁጥሩን ግን አትማሉበት። ቦታው የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ሪኪዶዛን ነው፤ የተወለደው ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሚባለው ምድር ሲሆን ጃፓን ውስጥ ኮሪያዊነቱን ደብቆ ነው የኖረው።

ጥያቄ፦ የጂም አሰልጣኝ ነኝ። የጃፓን ሬስለሮች መጀመሪያ የሚሠሩት ስኳት ነው፣ ያውም 1,000 ጊዜ ሲባል ሰምቼ ልጆቼን ላሠራቸው አስቤያለሁ። (ሐዋሳ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ 1,000 የሚሠሩት ወራት ከተገራ ጉልበት በኋላ ነው፤ እርስዎ ከ20 ይጀምሩ። አሠራሩ ከባርቤል ስኳት ይለያል። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጀርባ ቀጥ። ሲወርዱ እጅ ከኋላ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፣ ክብደት ወደ እግር ጣት ሥር ይሄዳል። ሲነሡ እጅ ወደ ፊት ይወዛወዝና ተረከዝ ይመለሳል። ሲወርዱ አየር ወደ ውስጥ፣ ሲነሡ ወደ ውጭ። ፍጥነቱ ሳይዛነፍ መቀጠል አለበት።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉ ነው፤ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ቆመው ይዩዋቸው። ሁለተኛው ከታች እንደ ኳስ መንጠር ነው፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ከጡንቻ ወደ ጉልበት ጅማት ይሄዳል፤ ከሎሚው በታች ሕመም ይጀምራል። ሕመም ያለው ልጅ ተረከዙን ሳያነሣ፣ ግማሽ ብቻ ይውረድ። ለመጀመሪያው ሳምንት 3 ዙር በ20፣ በቀን ልዩነት፤ ከዚያ በየሳምንቱ በየዙሩ 5 ይጨምሩ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተፎካክረው ባልለመዱት ጡንቻ መቶዎችን ከሠሩ ሌላ አደጋ አለ፤ ጡንቻ ተሰባብሮ ይዘቱ ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቱ በማግሥቱ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት፣ ያበጠና የደነደነ ጭን ነው። ያን ጊዜ ውኃ ጠጥቶ መተኛት አይበቃም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በሞቃት ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ ይህ አደጋ ይጨምራል፤ ጠዋት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውስጥ ሪንግ ሠርተን ትርኢት ልናሳይ ነው። የቦክስ ሪንግ ይሆናል? አወዳደቁንስ እንዴት እንልመደው? (አዳማ፣ ስድስት ወጣቶች)

መልስ፦ የቦክስ ሪንግ አይሆንም። ወለሉ ሰው እንዲቆምበት እንጂ እንዲወድቅበት አልተሠራም፤ አራት ገመዱም የሚሮጥ ሰው እንዲመልስ አልተወጠረም። የሬስሊንግ ሪንግ ሦስት ገመድ አለው፤ የእያንዳንዱ ጎኑ ርዝመት በአብዛኛው ከ5 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር ነው።

ሥራው ከታች ይጀምራል። አራት ምሰሶ፣ በመካከላቸው የብረት ተሸካሚ፣ ላዩ ላይ ጎን ለጎን የተደረደረ ወፍራም ጣውላ። ጣውላውን በምስማር አትቸንክሩት። ሰው ሲወድቅ በመጠኑ መታጠፍ አለበት፤ ምቱን የሚበላው እሱ ነው። አንጓ ያለበትን ጣውላ መሐል ላይ አታድርጉ፤ የሚሰበረው እዚያ ነው። ከላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ጠጣር ስፖንጅ፣ ከዚያ ጥብቅ ሸራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ይመቻል» ብሎ የፍራሽ ስፖንጅ ያነጥፋል። እግር ይሰምጣል፣ ሰውየው ሲዞር ቁርጭምጭሚቱ ይቀራል። ሸራው ከላላም እንደዚያው ነው፤ ሽብሽቡ ላይ ጣት ይይዛል።

ገመዱ ተራ የዕቃ ማሰሪያ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይረግባል። ብዙ ቦታ የብረት ገመድ ጎማ ቱቦ ውስጥ ከተው በመወጠሪያ ብሎን ያጠብቁታል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት አራቱንም ማዕዘን አጥብቁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ተደግፎ ይሞክረው። ብየዳውን በሚታመን በያጅ አሠሩ፤ ምሰሶ ሲነቀል የሚወድቀው ከነሰዎቹ ነው።

አወዳደቅን ከቁመት አትጀምሩ። ቁጢጥ በሉ፤ አገጭን ደረት ላይ አጣብቁ፤ ዓይን ቀበቶ ላይ ይሁን። ወደ ኋላ ስትንከባለሉ የላይኛው ጀርባ ጠፍጥፎ ይረፍ፤ በዚያው ቅጽበት ሁለት ክንድ ከጎን በ45 ዲግሪ፣ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ወለሉን ይምታ። አየር አውጡ። ጉልበት ታጥፎ የእግር መዳፍ ወለል ላይ ይሁን። ይህ ሳይታሰብ የሚመጣ እስኪሆን ድረስ ማንም ማንንም አያንሣ። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚወድቅ የእጅ አንጓውን ወይም ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንቱን ይሰብራል፤ በመቀመጫው የሚወድቅ የታች አከርካሪውን ይጎዳል፤ አገጩን የሚለቅ ደግሞ ጭንቅላቱን።

ልምድ ራሱ ዋስትና አይደለም። ከጃፓን ታላላቆች አንዱ የነበረው፣ ኖአ የተባለው የሬስሊንግ ድርጅት መሥራችና አለቃ ሚትሱሃሩ ሚሳዋ ሰኔ 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ላይ ወደ ኋላ በተጣለበት ውርወራ አንገቱ ተጎድቶ በ46 ዓመቱ ሞቷል፤ በሺዎች ጊዜ ወድቆ የተነሣ ሰው ነበር። ስለዚህ በአንገትና በጭንቅላት የሚያሳርፍ ነገር በሙሉ ከትርኢታችሁ ይውጣ። የወደቀ ሰው «እጄ ደነዘዘ» ካለ አታንሡት፣ አታዙሩት፤ አንገቱን በሁለት እጅ ባለበት አጽንታችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ለዳኛችሁ፦ ሁለት ትከሻ ወለል ላይ ሆኖ እስከ 3 ሲቆጠር ማሸነፍ ነው፤ ተያዡ ገመድ ከነካ እስከ 5 ቆጥሮ ማስለቀቅ፤ ከሪንግ ውጭ ጃፓኖች እስከ 20፣ አሜሪካኖቹ እስከ 10 ይቆጥራሉ። ለአዲስ ተመልካች ሕጉን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት በማይክ ንገሩት፤ ቡዶካን ላይ የቀረው ይሄው ነበር።

ጥያቄ፦ ሰዎች ተሰልፈው ኢኖኪ በጥፊ እንዲመታቸው የሚለምኑበትን ቪዲዮ አየሁ። ምንድን ነው ነገሩ? (ሐዋሳ)

መልስ፦ በ1990 ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ አንዱ ተማሪ መታው፤ እሱም በደመ ነፍስ በጥፊ መለሰለት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ ሌሎቹም «እኔንም» አሉ። ከዚያ በኋላ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ፣ ሥራ የሚፈልገው፣ ጎበዝ መሆን የፈለገው ሁሉ የኢኖኪ ጥፊ መንፈስ ይሰጣል ብሎ ይሰለፍ ጀመር። እናንተ ለቀልድ ብትሞክሩት መዳፋችሁን ጉንጭ ላይ እንጂ ጆሮ ላይ አታሳርፉ፤ የታጠፈ መዳፍ ጆሮን ሲደፍን የሚፈጠረው የአየር ግፊት የጆሮ ታምቡር ይበሳል።